ዘ ስሚዝስ የማን ነው?

በሴፕቴምበር 2025 የሰማንያዎቹ የእንግሊዝ ባንድ የዘ ስሚዝስ ዘፋኝ የነበረው ሞሪሲ «እሸጣለሁ» ብሎ ተነሳ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዘመኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሊሸጥ ያወጣው በዘ ስሚዝስ ውስጥ ያለውን የንግድ ድርሻ ነው። የባንዱ ስም፣ የሽፋኖቹ ሥዕሎች፣ የግጥሞቹ መብት፣ ከቅጂዎቹ የሚያገኘው ድርሻ፣ የቲሸርቱ ገቢ ሳይቀር አለበት። ምክንያቱንም አልደበቀም። ከድሮዎቹ የባንዱ አባላት ጋር የሚያያይዘኝ ነገር ሁሉ አታክቶኛል፣ መገላገል እፈልጋለሁ አለ።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ ሌላ ክርክር ነበር። አንድ ትልቅ የኮንሰርት አዘጋጅ ድርጅት ባንዱ ተሰባስቦ በ2025 ዓለምን እንዲዞር ጠቀም ያለ ገንዘብ አቀረበ፤ እኔ እሺ አልኩ፣ ጊታሪስቱ ጆኒ ማር ግን ዝም አለ ብሎ ሞሪሲ ተናገረ። የማር መልስ አጭር ነበር። ዝም አላልኩም፣ አይሆንም ነው ያልኩት አለ። ሌላው የማንችስተር ባንድ፣ የጋላገር ወንድማማቾች ኦዌሲስ፣ ታርቀው እንደሚመለሱ የተሰማው በዚያው ሰሞን ስለነበር ነገሩ የበለጠ ጋለ። ሁለቱ የጋላገር ወንድማማቾች ከታረቁ እነዚህ የማይታረቁት ምን ሆነው ነው የሚል ጥያቄ ከየአቅጣጫው መጣ።

ሁለት ሰው፣ በመካከላቸው ጠበቆች፣ አንድ ስም። በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም ዞር ብሎ ያልጠየቀው ወገን አለ። እሱም አድናቂው ነው።

አድናቂው የሕግ ድርሻ የለውም፣ ይኼ ግልጽ ነው። ግን እኔ እንደማስበው ይህን ባንድ ከብዙዎቹ የሚለየው ገና ከጅምሩ በአድናቂዎች የተሠራ መሆኑ ነው። ሠሪዎቹም አድናቂዎች ነበሩ። የትኛው ዘፈን እንደሚቆይ የመረጡትም አድናቂዎች ናቸው። ስለዚህ ሰዎች ተቀምጠው «አንተስ የትኛውን ትወዳለህ? መጀመሪያ የሰማሽው የት ነው?» ሲባባሉ የባንዱ ታሪክ ዳር ላይ ያለ ወሬ እያወሩ አይደለም። የባንዱ ግማሽ እዚያ ወሬ ውስጥ ነው ያለው።

እስቲ ከሥሩ እንየው።

በ1982 ስቲቨን ሞሪሲ ሥራ የሌለው፣ ስትሬትፎርድ በምትባል የማንችስተር ሰፈር የሚኖር ወጣት ነበር። ቀኑን በማንበብና በመጻፍ ያሳልፋል። ለሙዚቃ ጋዜጦች ደብዳቤ ላይ ደብዳቤ ይልካል። ኒው ዮርክ ዶልስ የተባለው የአሜሪካ ባንድ እንግሊዝ ውስጥ የነበረውን የአድናቂዎች ማኅበር ይመራ ነበር፤ ስለ ባንዱ ቀጭን መጽሐፍም ጽፏል። ማለትም ሌሎችን መውደድ ዋና ሥራው የነበረ ሰው ነው። ጆኒ ማር ደግሞ የ18 ዓመት ልጅ፣ ጊታሩ ከእጁ የማይለይ፣ ልብስ ቤት ውስጥ የሚሠራ። ሌይበርና ስቶለር የተባሉት የአሜሪካ ዘፈን ደራሲዎች የተገናኙት አንዱ የሌላውን በር አንኳክቶ እንደሆነ ሰምቶ ነበር። እሱም ተነስቶ ሄደና የሞሪሲን በር አንኳኳ። ዘ ስሚዝስ የጀመረው በዚህ ነው። አንድ አድናቂ፣ ሌሎች አድናቂዎች ሆነው ያደረጉትን ሰምቶ፣ ሌላ አድናቂ ቤት ሄደ።

ቤዝ ጊታሩን የማር የትምህርት ቤት ጓደኛ አንዲ ሩርክ፣ ድራሙን ማይክ ጆይስ ያዙ። የአራቱም ቤተሰብ ሥር አየርላንድ ነው፤ ከአየርላንድ መጥተው ማንችስተር የሰፈሩ ሰዎች ልጆች ናቸው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ጊዜውም ክፉ ነበር። ታቸር ሥልጣን ላይ ናት፣ የሥራ አጡ ቁጥር ከ3 ሚሊዮን አልፏል፣ የሰሜን እንግሊዝ ፋብሪካዎች በየተራ ይዘጋሉ። ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው ሙዚቃ ግን ጀልባና የሐር ሸሚዝ ነው። እዚህ መሀል በ1983 መጨረሻ ዘ ስሚዝስ «ዲስ ቻርሚንግ ማን»ን ይዘው ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ በተባለው የቢቢሲ ቴሌቪዥን የሙዚቃ ፕሮግራም ብቅ አሉ። ሞሪሲ ሸሚዙ ተከፍቶ፣ አንገቱ ላይ ጨሌ አድርጎ፣ እቅፍ ሙሉ አበባ እያወዛወዘ ይዘፍናል። ዘፈኑ በእንግሊዝ ሰንጠረዥ ከ25ኛ በላይ አልወጣም። ያንን ምሽት ያዩ ልጆች ግን በየኮንሰርቱ አበባ ይዘው መምጣት ጀመሩ። በ1984 ሞሪሲ መስማት የሚቸገሩ ሰዎች የሚያደርጉትን የመስሚያ መሣሪያ ጆሮው ላይ አድርጎ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ፣ መነጽርም ያደርግ ነበር፤ ያኔ መንግሥት በርካሽ የሚሰጠው፣ ልጆች የሚሳቁበት ዓይነት መነጽር። ትምህርት ቤት ውስጥ የሚሾፍባቸው ልጆች መድረክ ላይ ራሳቸውን አዩ።

ሐዘንተኛ ባንድ ናቸው ይባላል። ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው። እኛ ትዝታ ስንሰማ ዜማውም ግጥሙም አንድ ላይ ያዝናሉ፤ ድምፁ ሲወርድ ልባችንም አብሮ ይወርዳል። ዘ ስሚዝስ ጋ ሁለቱ ተለያይተው ነው የሚሄዱት። ግጥሙ ስለ ብቸኝነት፣ ስለ ዓይናፋርነት፣ ማንም ስላልፈለገው ሰው ነው። የማር ጊታር ደግሞ ደማቅ ነው፣ ይፈነጥዛል፣ እግር ያስነሳል። አንድ ጊታር ላይ ሌላ ጊታር፣ በሱ ላይ ሌላ ይደርብበታል፣ ግን አይጨናነቅም። ከሥሩ የሩርክ ቤዝ የራሱን ዜማ ይዘፍናል። ብዙ ባንዶች ውስጥ ቤዝ ከድራሙ ጋር ሆኖ ቤቱን የሚሸከም ምሰሶ ነው፤ የሩርክን ቤዝ ግን ብቻውን ነጥላችሁ ብታወጡት በራሱ ዘፈን ይሆናል። ጆይስ ደግሞ ቀጥ አድርጎ ይነዳዋል፣ አያስጌጥም።

ውጤቱ ምንድነው? እያዘኑ መደነስ። እኔ ይህ ነገር የባንዱ ትልቁ ግኝት ይመስለኛል። ሐዘንተኛ ሙዚቃ አብዛኛውን ጊዜ አልጋ ላይ ብቻህን ተኝተህ የምትሰማው ነው። የነሱን ግን ሰው ሰብሰብ ብሎ፣ እጁን አንስቶ፣ እየጮኸ ይዘፍነዋል። በጣም የግል የሆነውን፣ ለማንም የማይነገረውን ስሜት ሺህ ሰው በአንድ ድምፅ ሲዘፍነው ስሜቱ ያው ሆኖ ይቀጥላል፣ ብቸኝነቱ ግን ይቀራል። ከመድረክ ፊት የሚለቀስበትና የሚሳቅበት ምክንያት ይኼ ነው። አዎ፣ ይሳቃልም። ግጥሞቹ ውስጥ ብዙ ቀልድ አለ፤ ሐዘኑን ብቻ የሰማ ሰው ባንዱን ገና አልሰማውም።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። ባንዱ ራፍ ትሬድ ከተባለ ትንሽ የለንደን አሳታሚ ጋር ነበር የሚሠራው፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ዘንድ አልነበረም። የቢቢሲው ጆን ፒል በሬዲዮ ፕሮግራሙ በስቱዲዮ ያስቀረጻቸውን ዘፈኖች ሲያስተላልፍ ልጆች ቤታቸው በካሴት ይቀዱ ነበር። የሬዲዮው ቅጂ ጥሬና ሕያው ስለሆነ ብዙዎች በ1984 መጀመሪያ ከወጣው አልበም አስበልጠው ወደዱት። በዚያው ዓመት መጨረሻ እነዚያ የሬዲዮ ቅጂዎች ከነጠላ ዘፈኖቹ ጋር ተሰብስበው «ሃትፉል ኦፍ ሆሎው» ተብለው ወጡ። ሽፋኑ ላይ ከ3.99 ፓውንድ በላይ አትክፈሉ የሚል ተጽፎበት ነበር። ለኪሰ ባዶ ልጅ የተነገረ ቃል ነው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። «ሃው ሱን ኢዝ ናው» ዛሬ በባንዱ ስም የሚታወቅ ትልቅ ሥራ ነው። ያ መግቢያው ላይ የሚንቀጠቀጠው ጊታር፣ የሰማው ሰው የማይረሳው፣ በብልሃት የተሠራ ነው። ማርና ፕሮዲውሰሩ ጆን ፖርተር የጊታሩን ድምፅ በበርካታ ማጉያዎች ውስጥ አሳለፉት፤ የየማጉያው መንቀጥቀጥ ከምቱ ሲወጣ ያቆማሉ፣ ያስተካክላሉ፣ ከቆመበት ይቀጥላሉ። ይህ ሁሉ ተደክሞበት ዘፈኑ መጀመሪያ የወጣው በ1984 የሌላ ዘፈን ሸክላ ጀርባ ላይ ነው። ሸክላውን እየገለበጠ «ይኼኛውን ስሙት!» ያለው አድናቂው ነው። «ዜር ኢዝ ኤ ላይት ዛት ኔቨር ጎውዝ አውት» ደግሞ፣ ዛሬ በየስታዲየሙ የሚዘፈነው፣ ባንዱ በነበረበት ዘመን እንግሊዝ ውስጥ በነጠላ ሸክላ አልወጣም። የወጣው በ1992 ነው፣ ከተበተኑ ከአምስት ዓመት በኋላ። የአድናቂውን ምርጫ ኩባንያው ቆይቶ ተከተለው።

እንግዲህ ባንዱ የኖረው አምስት ዓመት ብቻ ነው፣ ከ1982 እስከ 1987። አራት የስቱዲዮ አልበም፣ ሰባ ገደማ ዘፈን። ማር ደክሞት በ1987 በጋ ወጣ፣ የመጨረሻው አልበም የወጣው ከሱ በኋላ ነው። በዲሴምበር 1988 ሞሪሲ ዎልቨርሃምፕተን ውስጥ በራሱ ስም የመጀመሪያውን ኮንሰርት ሲያደርግ ሩርክና ጆይስም አብረውት ነበሩ። መግቢያው ነፃ ነበር፣ የዘ ስሚዝስ ወይም የሞሪሲ ቲሸርት ለለበሰ ሰው። ልብሱ ቲኬት ሆነ። አዳራሹ ሞልቶ ብዙ ሰው ውጪ ቀረ።

ከዚያ የገንዘቡ ጉዳይ መጣ። ከቅጂዎቹና ከመድረክ ሥራ ከሚገኘው ገቢ ሞሪሲና ማር 40 በመቶ 40 በመቶ ሲወስዱ ለሩርክና ለጆይስ 10 በመቶ 10 በመቶ ነበር የሚደርሳቸው። ሩርክ ገንዘብ ቸግሮት በ83 ሺህ ፓውንድና በዚያው 10 በመቶ ተስማማ። ጆይስ ግን ፍርድ ቤት ሄደ። በ1996 ፍርድ ቤቱ እኩል ሽርካ ነው፣ 25 በመቶ ይገባዋል ብሎ ፈረደለት፤ ዳኛው ስለ ሞሪሲ የምስክርነት ቃል በጣም ከባድ አስተያየት ሰጥተዋል። ሞሪሲ ይግባኝ ብሎ ተሸነፈ። ዛሬም የምናየው ቂም ትልቁ ሥሩ እዚያ ነው። በዚህ ጉዳይ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ጆይስ ልክ ነበር። ከላይ እንደነገርኳችሁ የሩርክን ቤዝ አውጥታችሁ እነዚያን ዘፈኖች ለማሰብ ሞክሩ። አሥር በመቶ አይደለም።

የባለቤትነት ጥያቄው ከፍርድ ቤትም ውጪ ይመጣል። በ2010 ማር፣ ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረውን ዴቪድ ካሜሮንን ዘ ስሚዝስን እወዳለሁ ማለትህን አቁም፣ አትወዳቸውም፣ እንዳትወዳቸው ከልክዬሃለሁ ብሎ ትዊተር ላይ ጻፈ። ወቅቱ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ተጨምሮ ተማሪው አደባባይ የወጣበት ነበርና ብዙ ሰው አጨበጨበ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ አንዱ ዘፈናቸው በትራምፕ የምርጫ ስብሰባ ላይ ሲከፈት ማር በቁጣ አስቆመዋለሁ አለ። ሁለቱን ግን ለይቼ ነው የማያቸው። ሥራህ ለፖለቲካ መቀስቀሻ ሲውል እምቢ ማለት መብት ነው፣ ሊከበርም ይገባል። አንድ ሰው በልጅነቱ ክፍሉ ውስጥ የሰማውን ዘፈን እንዳይወድ መከልከል ግን ማንም አይችልም፣ ዘፈኑን የሠራውም ቢሆን።

አሁን ወደሚከብደው ቦታ ደረስኩ።

ባለፉት ዓመታት የዘ ስሚዝስ አድናቂ መሆን ቀላል አይደለም። ሞሪሲ በ2019 ፎር ብሪተን የተባለውን የቀኝ አክራሪ ፓርቲ ምልክት ደረቱ ላይ አድርጎ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ዘፈነ። ስለ ስደተኞችና ስለ ሙስሊሞች የተናገራቸው ነገሮችም ብዙ ሰው አስቀይመዋል። እሱ ዘረኛ አይደለሁም ይላል። የካርዲፉ ስፒለርስ፣ በዓለም አንጋፋው የሸክላ ሱቅ የሚባለው፣ የሞሪሲን ሥራዎች ከመደርደሪያው አወረደ። ሊቨርፑል አካባቢ ባሉ የባቡር ጣቢያዎች የነበሩ የአዲሱ አልበሙ ማስታወቂያዎች ተነሱ።

«ሥራውን ከሰውየው ለዩት» የሚባል ምክር አለ። አባባሉ አይጥመኝም፣ ምክንያቱም የቆሰለውን ሰው ዝም ለማሰኘት ነው የሚውለው። ቁስሉ ለምን ጠለቀ? ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታውሱ። እነዚህ የስደተኛ ልጆች ናቸው። ዘፈኖቻቸው ለባይተዋሩ፣ ለተገፋው፣ የትም ለማይገጥመው ሰው ነበሩ። እንግሊዝ ውስጥ ያደገ የፓኪስታን ወይም የጃማይካ ስደተኛ ልጅ በአሥራ ስድስት ዓመቱ «ይኼ ሰው እኔን ነው የሚያውቀኝ» ብሎ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ያው ድምፅ አንተ እዚህ አገር ላይ በዝተሃል የሚል መልእክት ወዳለው ፓርቲ ሲጠጋ ምን ይሰማዋል? ለዚህ ሰው ዘፈኑን ከዘፋኙ ለይልኝ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ሸክላውን ሸጦ የጨረሰ አድናቂ አለ፤ እረዳዋለሁ። የሚሰማ ግን ገንዘብ እንዳይደርሰው ያገለገለ ሸክላ ብቻ የሚገዛም አለ። ሁለቱም ትክክለኛ መልስ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት የቆየ ቁስል አለ። በኦክቶበር 1984 ቢቢሲ የኮረምን ሰቆቃ ለዓለም አሳየ። እኛ የ77ቱ ረሃብ የምንለው ነው። በኖቬምበር መጨረሻ የእንግሊዝና የአየርላንድ ዝነኞች ባንድ ኤይድ ተብለው ተሰባሰቡና በዲሴምበር ለእርዳታ የገና ዘፈን አወጡ። ዘ ስሚዝስ አልነበሩበትም። በ1985 ሞሪሲ ታይም አውት ለተባለው የለንደን መጽሔት ሲናገር ዘፈኑን አብጠለጠለው። ለኢትዮጵያ ሕዝብ ማሰብ አንድ ነገር ነው፣ የእንግሊዝን ሕዝብ በየቀኑ ማሰቃየት ግን ሌላ ነው አለ።

ይህን ቃል ካነበብኩ ቆይቷል፣ እስካሁን ግን ይቆረቁረኛል። ኮረም ላይ በየማለዳው አስከሬን እየተጠቀለለ ባለበት ወር ስቃይ የሚለውን ቃል ለሬዲዮ ዘፈን መጠቀም ጭካኔ ነው። ሌላ ስም የለውም። ግን እዚያው ቃለ ምልልስ ውስጥ ሌላ ነገርም ተናግሯል፤ ገንዘብ አምጡ የሚባሉት ተራ ልጆች ናቸው፣ ሥልጣኑ ያላቸው ሰዎች ግን ቢፈልጉ ጉዳዩን ወዲያው መፍታት ይችሉ ነበር የሚል። ይኼኛው ጥያቄ ዛሬም አልሞተም። ባንድ ኤይድ በ2024 40ኛ ዓመቱን ሲያከብርና ዘፈኑ በአዲስ ቅንብር ሲወጣ አፍሪካውያን ሙዚቀኞች ጭምር ዘፈኑ ስለኛ የተወው ምስል ምን ዓይነት ነው ብለው ጠየቁ። ክርስትናን በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተቀበለች አገር ገናን ታውቅ እንደሆነ የሚጠይቅ ርዕስ ይዞ ነው ዘፈኑ አርባ ዓመት የኖረው። ያም ሆኖ በዚያ ገንዘብ የተረፈ ሰው አለና የሰጡትን ሰዎች አላቃልልም። ሞሪሲ ጥያቄውን ማንሳቱን እቀበላለሁ፣ ያነሳበትን አፍ አልቀበልም። ሁለቱን አብሬ መያዝ እችላለሁ።

አብሬ የምይዘው ሌላም ነገር አለ። ዘ ስሚዝስ ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ላይ መድረክ የወጡት በዲሴምበር 12 ቀን 1986 በለንደን ብሪክስተን አካዳሚ ነው። ኮንሰርቱ የአፓርታይድን ሥርዓት ለሚታገሉ ወገኖች ገቢ ማሰባሰቢያ ነበር። አንድን ባንድ የሚወድ ሰው ይህን ሁሉ አብሮ ነው የሚሸከመው።

ታዲያ አድናቂዎች ዛሬ ምን እያደረጉ ነው? ከማንችስተር አጠገብ ወዳለችው ሳልፎርድ ሂዱ። በ1985 መጨረሻ ፎቶ አንሺው ስቲቨን ራይት አራቱን ልጆች ሳልፎርድ ላድስ ክለብ በተባለ የወጣቶች ማእከል በር ላይ አቁሞ አነሳቸው፤ ፎቶው «ዘ ኩዊን ኢዝ ዴድ» አልበም ውስጥ ገባ። ቦታው ለሠፈር ልጆች ከ1900ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ቦክስና እግር ኳስ መጫወቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ከየአገሩ የሚመጣ ሰው እዚያው በር ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ክለቡም ውስጥ ለባንዱ አንድ ክፍል ሰጥቶ ግድግዳውን አድናቂዎች በጻፏቸው ማስታወሻዎች ሞልቶታል። በ2024 ክለቡ ገንዘብ አጥሮት ሊዘጋ ሲል 250 ሺህ ፓውንድ ተሰበሰበለት። ከዚህ ውስጥ 50 ሺው የሞሪሲ ነው፤ ይህንንም መናገር ተገቢ ነው። በዚህ ፍቅር የተረፈው የዛሬው የሳልፎርድ ልጅ መጫወቻ ነው።

ሎስ አንጀለስ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ የሜክሲኮ ተወላጆች ለባንዱና ለሞሪሲ ያላቸው ፍቅር ስንት ተጽፎበታል። ኬሮክ የተባለው የሬዲዮ ጣቢያ በሰማንያዎቹ እነዚህን ዘፈኖች ደጋግሞ ያጫውት ነበር፣ ልጆቹም ቤት ውስጥ የወላጆቻቸውን ራንቼራ እየሰሙ ነው ያደጉት፤ ተከድቶ የቀረ ልብን ሳያፍር የሚያወጣ ዘፈን ነው። የካቶሊክ ቤት፣ የስደተኛ ቤተሰብ፣ ሁለት አገር ውስጥ መኖር። ከማንችስተር አይሪሾች ጋር የሚያገናኛቸው ብዙ ነው። በ2015 ሜክሪሲ የተባለ የሜክሲኮ ሙዚቀኞች ስብስብ ዘፈኖቹን በስፓኒሽ፣ ከጥሩምባ ጋር መጫወት ጀመረ። ሰምታችሁ ካላወቃችሁ ፈልጉት፣ ዘፈኖቹ መጀመሪያውንም በስፓኒሽ የተጻፉ ይመስላሉ።

እንግሊዝ ውስጥም ሌላ መንገድ ተገኘ። በ2021 ሪክ አስትሊ፣ አዎ ያ የሰማንያዎቹ የዳንስ ዘፈን ዘፋኝ፣ ብሎሰምስ ከተባለው የስቶክፖርት ባንድ ጋር ሆኖ የዘ ስሚዝስን ዘፈኖች ብቻ የሚጫወት ኮንሰርት አዘጋጀ። ማር ዜናውን ሲሰማ ደስ አላለውም፣ አስቂኝም አስከፊም ነው አለ። በ2023 ግን ግላስተንበሪ በተባለው ትልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ደገሙት፣ ድንኳኑም ከዳር እስከ ዳር ዘፈነ። ማንም እዚያ ቦታ ስለ ፓርቲ ምልክት አልተጨነቀም። ዘፈኖቹን ያለ ሞሪሲ አብሮ የመዘመር ጥማት ምን ያህል እንደነበር ያሳየናል። ማርም በየኮንሰርቱ የባንዱን ዘፈኖች ይጫወታል፤ በ2019 እዚያው ግላስተንበሪ ላይ ከአሜሪካው ባንድ ከዘ ኪለርስ ጋር «ዲስ ቻርሚንግ ማን»ን ሲጫወት ሜዳው ያበደውን ማየት ነው።

ስለዚህ የመሰባሰቡ ጉዳይ አያጓጓኝም። ሲጀመር አይቻልም። አንዲ ሩርክ በሜይ 2023 ኒው ዮርክ ውስጥ በቆሽት ካንሰር ሞቷል፣ 59 ዓመቱ ነበር። ማንችስተር ኖርዘርን ኳርተር ውስጥ ግድግዳ ላይ ትልቅ ምስሉ ተሥሏል። ያለ እሱ ስታዲየም ላይ የሚቆሙት ሁለት የተቀያየሙ ሰዎችና ቅጥር ሙዚቀኞች ናቸው። ቲኬቱ ውድ ይሆናል፣ 3.99 ያለው ባንድ። ማር አይሆንም በማለቱ ለአድናቂው ትልቅ ውለታ ነው የዋለው ብዬ አምናለሁ።

የሞሪሲን ድርሻ የሚገዛ ቢገኝስ? ቅጂዎቹ ከ1992 ጀምሮ በዋርነር ኩባንያ እጅ ናቸው። ገዢው የሚያገኘው ከዚያ የሚመጣ የአንድ ሰው ገቢ፣ የስምና የሥዕል መብት፣ ምናልባትም ማስታወቂያ ላይ ዘፈን የመስጠት ወይም የመከልከል ድምፅ ነው። የሚያሰጋኝ ይኼ የመጨረሻው ነው። እነዚያ ዘፈኖች የባንክና የለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ ሆነው በየቀኑ ቢመጡብን እውነተኛ ጉዳት ነው፣ የማር ይሁንታ የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ እንቢታው እንዲጸና እመኛለሁ።

ባንዱን ገና የማታውቁት ካላችሁ ከ«ሃትፉል ኦፍ ሆሎው» ጀምሩ። ብዙ ሰው «ዘ ኩዊን ኢዝ ዴድ»ን ይመክራል፣ የእንግሊዙ የሙዚቃ መጽሔት ኤን ኤም ኢም በ2013 የዘመናት ሁሉ ምርጥ አልበም ብሎታል፤ እሱን ቀጥሎ ስሙት። መጀመሪያ ስትሰሙ ግጥሙ ካልገባችሁ አትጨነቁ። ድምፁን ከፍ አድርጉና ቤዙን ተከተሉ።